የብሪታንያ መኳንንት ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው አላካፈሉም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በኢንዱስትሪ ዘመን ብሪታንያን ስላስተዳደሩት ሰዎች በቅርቡ የቀረበ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አንብቤ መልስ ሳልሰጥበት ማለፍ አልቻልኩም። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። የፈረንሳይ መኳንንት ግትር ሆነው አንገታቸውን ሲሰጡ የብሪታንያ መኳንንት ዘመኑን ቀድመው ተረዱና በ1832 ሥልጣናቸውን በገዛ ፈቃዳቸው አካፈሉ፤ ከዚያ ወዲህ አገሪቱን የመሩት ከፋብሪካና ከንግድ የወጡ አዲስ ሰዎች ሆኑ፤ በ1846 የውጭ ስንዴ እንዳይገባ የሚያግዱት የእህል ሕጎች የተሻሩት ባለርስቱ የድሃውን ዳቦ ከራሱ ጥቅም ስላስቀደመ ነው፤ መንግሥቱ ትንሽና እጁን ሰብሳቢ ስለነበረ ኢንዱስትሪው አበበ፤ የ1854ቱ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ደግሞ የመንግሥትን ሥራ ከዘመድ አዝማድ አላቅቆ ለችሎታ አስረከበ፤ ሠራተኛው ሕዝብም በዚህ ሁሉ ረክቶ ሌላ ሳይጠይቅ ተቀመጠ።

ጸሐፊው ብዙ ያነበቡ ሰው መሆናቸው ከጽሑፋቸው ያስታውቃል፤ ብሪታንያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መንግሥት የሚገለብጥ አብዮት አለማየቷም እውነት ነው። የማልስማማው ምክንያቱን በሚያስረዱበት መንገድ ነው። በእሳቸው ትረካ ውስጥ የሚያስቡትና የሚወስኑት ጌቶቹ ብቻ ናቸው፤ ሸማኔው፣ የእርሻ ሠራተኛውና የድንጋይ ከሰል ቆፋሪው የተሰጣቸውን ተቀብለው የሚሄዱ ሆነው ይታያሉ። እነዚያ ሰዎች ግን ለእያንዳንዱ እርምጃ በእስራት፣ በግዞትና በሕይወታቸው ከፍለዋል፤ ከታሪኩ ሲወጡ ዝም ብሎ ማየት ይከብደኛል። የጽሑፉን ቅደም ተከተል ተከትዬ እሄዳለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1832ቱ የምርጫ ማሻሻያ ሕግ እንጀምር፤ የጽሑፉ ሕንጻ የቆመው በዚህ ላይ ነውና። ከሕጉ በፊት የታችኛው ምክር ቤት 658 ወንበሮች ነበሩት፤ ወንበሮቹ የተደለደሉት ግን ሰው በሚኖርበት ቦታ ልክ አልነበረም። ኦልድ ሴረም የሚባለው ሰው አልባ ኮረብታ በጣት የሚቆጠሩ መራጮች ብቻ እያሉት ሁለት እንደራሴዎች ይልክ ነበር። አብዛኛው ክፍሉ በባሕር የተበላው የደንዊች ወደብም እንዲሁ ሁለት ይልካል። በዚያው ጊዜ ከ140,000 በላይ ሕዝብ የነበራት የጥጥ ከተማዋ ማንቸስተር፣ እንደ እሷም በርሚንግሃም፣ ሊድስና ሼፊልድ፣ የራሳቸው የሚሉት አንድም እንደራሴ አልነበራቸውም። ድምፅ የሚሰጠው በአደባባይ ስለነበረ የመሬቱ ጌታ ጭሰኛው ማንን እንደመረጠ ያውቃል፤ ብዙዎቹ ትንንሽ የምርጫ ከተሞችም እንደ ርስት የሚወረሱና የሚሸጡ ነበሩ። ይህን ሥርዓት በሰላማዊ ሰልፍ ለመቃወም በኦገስት 16 ቀን 1819 በማንቸስተር የቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ ወደ 60,000 የሚገመት ሕዝብ ከነሚስቱና ከነልጁ ሲሰበሰብ፣ የአካባቢው ዳኞች ሰይፍ የታጠቀ ፈረሰኛ ለቀቁበት፤ ቢያንስ 15 ሰዎች ሞቱ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሎርድ ሲድመዝ በንጉሡ ምትክ ይገዛ በነበረው ልዑል ስም ለዳኞቹ ምስጋና ላኩ፤ ፓርላማው ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባንና ጋዜጣን የሚያጠብቡ ስድስት ሕጎችን አወጣ። የገዢዎቹ የመጀመሪያ መልስ ይህ ነበር፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን አልተነሣም።

በ1830 መኸር የእንግሊዝ ደቡባዊ አውራጃዎች የእርሻ ሠራተኞች የመውቂያ ማሽኖችን እየሰባበሩ፣ ክምር እያቃጠሉ ተነሡ። በዚያው ኖቬምበር ጠቅላይ ሚኒስትሩ የዌሊንግተን ዱክ የመኳንንቱና የጳጳሳቱ በሆነው በላይኛው፣ በሎርዶች ምክር ቤት ቆመው፣ ያለው የውክልና ሥርዓት ምንም ማሻሻያ እንደማያስፈልገውና ለሌላ አገር ሕግ አውጪ አካል እንዲነድፉ ቢጠየቁ ከዚህ የተሻለ ሊያገኙ እንደማይችሉ ተናገሩ። ሁለት ሳምንት ሳይቆዩ መንግሥታቸው ወደቀ። በቦታቸው የመጡት ማሻሻያ ወዳዱ ኧርል ግሬይ ናቸው፤ ሆኖም የእሳቸውም መንግሥት የመጀመሪያ ሥራ ያመጹትን የእርሻ ሠራተኞች ፍርድ ቤት ማቅረብ ሆነ። 19 ሰዎች ተሰቀሉ፣ ወደ 500 የሚጠጉት ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ። የሞቱት የሰው ነፍስ ስላጠፉ አልነበረም፤ አብዛኞቹ የተከሰሱት በማሽን መስበርና በቃጠሎ ነበር።

የማሻሻያው ረቂቅ በማርች 1831 በታችኛው ምክር ቤት ሁለተኛ ንባቡን ያለፈው በአንድ ድምፅ ብልጫ፣ በ302 ለ301 ነው። በፈቃድ የተሰጠ ነገር እንዲህ በአንድ ድምፅ ላይ አይንጠለጠልም። ከአዲስ ምርጫ በኋላ ተሻሽሎ የቀረበውን ረቂቅ የሎርዶች ምክር ቤት በኦክቶበር 8 ቀን በ41 ድምፅ ብልጫ ጣለው፤ ከተቃወሙት መካከል 21 ጳጳሳት ነበሩ። በኖቲንግሃም ሕዝቡ የኒውካስል ዱክን ግንብ አቃጠለ፤ በብሪስቶል ሁከቱ ሦስት ቀን ዘልቆ የጳጳሱ መኖሪያና እስር ቤቶቹ ነደዱ። በሜይ 1832 ሎርዶቹ እንደገና ረቂቁን ሲያሰናክሉት ግሬይ ሥልጣን ለቀቁ፤ ዌሊንግተን ተመልሰው መንግሥት ለማቋቋም ሲሞክሩ የለንደኑ ልብስ ሰፊ ፍራንሲስ ፕሌስና ጓደኞቹ «ዱኩን ለማስቆም ወርቃችሁን አውጡ» የሚል ማስታወቂያ በየግድግዳው ለጠፉ፤ ሰውም ገንዘቡን በወርቅ ለመቀበል ወደ ባንክ መሮጥ ጀመረ። ዌሊንግተን ካቢኔ ማሟላት አልቻሉም። ንጉሥ ዊሊያም አራተኛ ረቂቁን የሚደግፉ አዳዲስ ሎርዶችን ለመሾም እያንገራገሩ ተስማሙ፤ ተቃዋሚዎቹ ሎርዶች ምክር ቤታቸው በአዲስ ሹመኞች ከሚጥለቀለቅ ከስብሰባው መቅረትን መረጡ። ሕጉ በጁን 7 ቀን የጸደቀው እንዲህ ነው። ጸሐፊው «በገዛ ፈቃዳቸው» ያሉት እነዚህን አሥራ ዘጠኝ ወራት ዘለው ነው።

የሕጉን ዓላማ ራሳቸው ግሬይ አልሸሸጉትም። ሁሉም ሰው የሚመርጥበትን ሥርዓት፣ ምስጢራዊ ድምፅንና ዓመታዊ ፓርላማን ከእሳቸው ይበልጥ የሚቃወም እንደሌለ፣ የሚፈልጉትም እንዲህ ያሉ ተስፋዎችን ማበረታታት ሳይሆን ማብቃት እንደሆነ ለሎርዶቹ ነግረዋቸዋል። ውጤቱም እንዳሰቡት ነው። የእንግሊዝና የዌልስ መራጮች ቁጥር ከ400,000 ገደማ ወደ 650,000 ገደማ ከፍ አለ፤ ለአካለ መጠን ከደረሱ አምስት ወንዶች አራቱ ያለ ድምፅ ቀሩ። ሴቶች ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ ቃል በግልጽ ከምርጫ ተገለሉ። እንደ ፕሬስተን ባሉ፣ ድሃውም ጭምር ይመርጥባቸው በነበሩ ጥቂት ከተሞች አሮጌው መብት ለነበረው ትውልድ ብቻ እንዲቆይ ስለተደረገ፣ የአባትየው ድምፅ ለልጁ አልተላለፈም።

ጸሐፊው «ቢገደዱም ገና ሳይረፍድ ለቀቁ፤ ብልህነታቸውም ይኸው ነው» ሊሉኝ ይችላሉ። በዚህ እስማማለሁ። ምን ያህል መልቀቅ እንደሚበቃ የመገመት ችሎታ ነበራቸው፤ ብዙ የአህጉሩ ገዢዎች ይህን ችሎታ አላገኙትም። ነገር ግን እያንዳንዱን ስንዝር ለክተው የለቀቁት የቀረውን ለመያዝ ነው፤ ወጣቱ እንደራሴ ቶማስ ማኮሌይ በ1831 ምክር ቤቱን ሲማጸን ለማዳን ከፈለጋችሁ አሻሽሉ ያለው ሌላ ትርጉም የለውም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም ከ1832 በኋላ ሥልጣኑ ወደ ፋብሪካ ባለቤቶች ተላለፈ የሚለው፣ በስም ዝርዝር ብቻ ሊመለስ የሚችል ነው። ከ1830 እስከ 1867 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ኧርል ግሬይ፣ ቫይካውንት ሜልበርን፣ ለጥቂት ሳምንታት የዌሊንግተን ዱክ፣ ሰር ሮበርት ፒል፣ የቤድፎርድ ዱክ ልጅ ሎርድ ጆን ረስል፣ ኧርል ደርቢ፣ ኧርል አበርዲንና ቫይካውንት ፓልመርስተን ናቸው፤ ዱክ፣ ኧርልና ቫይካውንት የመኳንንት ማዕረጎች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከፋብሪካ ሀብት የወጡት ፒል ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ የባሮኔትነት ማዕረግና ሰፊ ርስት የወረሱ፣ የጌቶች ልጆች በሚማሩባቸው በሃሮውና በኦክስፎርድ የተማሩ ሰው ነበሩ። የሮችዴሉ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት ጆን ብራይት ወደ ካቢኔ የገቡት በ1868 መጨረሻ፣ ከማሻሻያው 36 ዓመት በኋላ ነው። የሳልስበሪ ማርኩዊስ ደግሞ በሎርዶች ምክር ቤት ወንበራቸው ላይ ሆነው አገሪቱን እስከ 1902 መርተዋል።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ለታችኛው ምክር ቤት ለመመረጥ የንብረት መስፈርት እስከ 1858 ያስፈልግ ነበር፤ ድምፅ እስከ 1872 በግልጽ ይሰጥ ነበር። መሬቱም ከእጃቸው አልወጣም። በ1870ዎቹ መጀመሪያ አክራሪዎቹ የብሪታንያ መሬት በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች እጅ ነው እያሉ ሲከሱ፣ የጊዜው ኧርል ደርቢ ክሱን ያፈርስልናል ብለው መንግሥት የመሬት ባለቤቶችን ሁሉ እንዲቆጥር ጠየቁ። ቆጠራው ተደረገ። ከተሰበሰበው መረጃ የተሠራው ስሌት ያሳየው ከሰባት ሺህ የማይበልጡ ሰዎች የአገሪቱን መሬት አራት አምስተኛ የሚያህለውን መያዛቸውን ነው። የኢንዱስትሪ አብዮት ከተጀመረ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ወደ እህል ሕጎቹ ልለፍ። የ1815ቱ ሕግ የአንድ ኳርተር፣ ማለትም ከሁለት ኩንታል ጥቂት የሚበልጥ ስንዴ ዋጋ 80 ሺሊንግ እስኪደርስ ድረስ የውጭ ስንዴ ለገበያ እንዳይቀርብ ከለከለ። ያወጡት እንደራሴዎች በአብዛኛው ስንዴ የሚበቅልበት መሬት ጌቶች ነበሩ፤ ሲያጸድቁትም የለንደን ሕዝብ ስለተቆጣ ፓርላማው በወታደር ተከቦ ነበር። ጸሐፊው የሕጉን መሻር እንጂ መውጣቱን አላነሡም። ማንቸስተር ላይ በሪቻርድ ኮብደንና በጆን ብራይት መሪነት የተደራጀው ፀረ እህል ሕግ ማኅበር ለሰባት ዓመታት ያህል በስብሰባ፣ በበራሪ ጽሑፍና መራጭ በመመዝገብ ታግሏል፤ በ1845 የአየርላንድ ድንች በበሽታ ሲመታ ጉዳዩ ማቆያ አጣ። ፒል በ1846 ሕጉን ለመሻር ሲነሡ ከራሳቸው የወግ አጥባቂ ፓርቲ እንደራሴዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተቃወሟቸው። ስረዛው የጸደቀው በተቃዋሚዎቹ በዊጎች ድምፅ ነው፤ ሎርዶቹ ባጸደቁበት በዚያው ሌሊት፣ በጁን 25፣ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ከተቃዋሚ ጋር ሆነው በሌላ ረቂቅ ላይ ፒልን አሸነፏቸውና ከሥልጣን ወረዱ። እዚህ ላይ ጥቅሙን የሠዋ ሰው ካለ ፒል ናቸው፤ ለዚህም ክብር ይገባቸዋል። መደቡ ግን የሠዋቸው እሳቸውን ነው።

ጥቅሙም ቢሆን እንደተባለው አልተሠዋም። በዚያው ዓመት ባለርስቶች መሬታቸውን ከረግረግ ውሃ የሚያጠነፍፉበት 2 ሚሊዮን ፓውንድ የመንግሥት ብድር ተፈቀደላቸው፤ የስንዴ ዋጋም ሕጉ ከተሻረ በኋላ ለሩብ ክፍለ ዘመን ያህል አልተናጋም። የእንግሊዝን ባለርስት በእውነት ያደቀቀው በ1870ዎቹ መጨረሻ በባቡርና በእንፋሎት መርከብ የመጣው የአሜሪካ ሜዳዎች እህል ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ደረስኩ፤ «መንግሥቱ ትንሽ ነበር» ወደሚለው። ይህ አባባል በጣም የተለመደ ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። ነገር ግን ያ መንግሥት ምን ምን እንደሠራ አንድ በአንድ እንመልከት። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 19ኛው አጋማሽ ድረስ ፓርላማው ወደ 4,000 የሚጠጉ የአጥር ሕጎችን አውጥቶ መንደሬው በጋራ ያርሰውና ከብት ያሰማራበት የነበረውን ከ6 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት ወደ ግል ይዞታ አዛወረ። በ1799 እና በ1800 ሠራተኞች ደመወዝ ለማስጨመር እንዳይደራጁ ከለከለ። በ1812 የሽመና መሣሪያ መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገ፤ ወጣቱ ሎርድ ባይረን በሎርዶች ምክር ቤት የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ይህን ለመቃወም ነበር፣ አልተሰማም እንጂ። በአመጹት ሸማኔዎች ላይ ወደ 12,000 ወታደር ተሠማራ። ይህ ጦር ዌሊንግተን በ1808 ናፖሊዮንን ለመውጋት ወደ ፖርቱጋል ይዘውት ከወረዱት ይበልጣል።

በ1833 ባርነት በብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች እንዲቀር ሲወሰን ይኸው «ትንሽ» መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ማለትም የዓመት ወጪውን 40 በመቶ የሚያህል ገንዘብ፣ ካሣ አድርጎ ከፈለ። የተከፈለው ለ800,000ዎቹ ባሪያዎች አይደለም፤ ለባለቤቶቻቸው ነው። የወደፊቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የዊሊያም ግላድስቶን አባት ወደ 2,500 ለሚጠጉ ባሪያዎች ከ100,000 ፓውንድ በላይ ተቀበሉ። ነፃ ወጣችሁ የተባሉት ሰዎች ደግሞ «የልምምድ ጊዜ» በሚል ስም እስከ 1838 ለዚያው ጌታ ያለ ክፍያ እንዲሠሩ ተገደዱ። በዚያው በ1833 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይሠሩ ሲከለክል፣ አፈጻጸሙን በአገሪቱ ሁሉ እንዲቆጣጠሩ የተሾሙት አራት ሰዎች ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት በወጣው የድሆች ሕግ ድሃ እርዳታ የሚያገኘው ባልና ሚስት ተለያይተው፣ ልጅም ከእናቱ ተነጥሎ በሚኖሩበት የሥራ ቤት ገብቶ እንዲሆን ተወሰነ። በአንዶቨር ከተማ የሥራ ቤት ለማዳበሪያ አጥንት እንዲፈጩ የተመደቡ ሰዎች ከአጥንቱ ላይ የቀረውን የበሰበሰ መቅኔ በረሃብ ሲግጡ መገኘታቸው በ1845 አደባባይ ወጥቶ አገር ጉድ ብሏል። እንግዲህ የመንግሥቱን መጠን በአንድ ቃል መግለጽ አይቻልም። ሰፊው ክንዱ ከንብረት ጎን ቆሟል፤ ለሕፃናቱ የተረፉት አራት ተቆጣጣሪዎች ናቸው።

በዚህ ላይ አየርላንድ አለች፤ ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር «የተፈጥሮ አደጋ» ብሎ ያለፋት። ከ1845 ጀምሮ የድንቹ በሽታ ከተፈጥሮ መጥቷል፤ ያንን አልክድም። አየርላንድ ግን ከ1801 ጀምሮ ከብሪታንያ ጋር የተዋሐደው አንድ መንግሥት አካል ነበረች፤ ሕጓ የሚወጣው፣ በጀቷም የሚወሰነው ለንደን ላይ ነው። በ1847 መጀመሪያ ከ700,000 በላይ የተራቡ ሰዎች ለዕለት ቀለብ በማይበቃ ክፍያ ድንጋይ እየፈለጡ መንገድ እንዲሠሩ ተደረገ፤ የሚበሉት ያጡ ሰዎች በብርድ አካፋ ይዘው ወደቁ። በዚያው በጋ መንግሥት ወደ ሾርባ ማደያ ዞረና በቀን ወደ 3 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ቀለብ አከፋፈለ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ መንግሥቱ ሲፈልግ እንደሚችል ያሳየውም እሱ ነው። ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ማደያዎቹ ተዘጉ፣ ሸክሙም በደኸዩት የአየርላንድ አውራጃዎች ግብር ላይ ተጣለ። በዚያው ዓመት በወጣ ድንጋጌ ከሩብ ኤከር፣ ማለትም ከሺህ ካሬ ሜትር ጥቂት ከሚበልጥ መሬት በላይ የያዘ ገበሬ መሬቱን ካልለቀቀ እርዳታ እንዳያገኝ ተከለከለ። እህልና ከብት ወደ እንግሊዝ መጫኑም አልታገደም። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአየርላንድ ሕዝብ በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ወረደ፤ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚሆኑት ሞቱ፣ ከዚያ ያላነሱት ተሰደዱ።

ለዚያ ሁሉ ረሃብ ከለንደን ግምጃ ቤት የወጣው ገንዘብ፣ ብድሩም ተቆጥሮ፣ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው፤ የባሪያ ባለቤቶቹ ካሣ ግማሽ መሆኑ ነው። ለኛ አንባቢዎች ሌላ መመዘኛም አለ። በኖቬምበር 1867 ፓርላማው በልዩ ጥሪ ተሰብስቦ አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር ለሚመራው ዘመቻ መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ፈቀደ። ዘመቻው መቅደላ ላይ ሲያበቃ ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ለዚህም የገቢ ግብር እንዲጨምር ተደረገ። ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መልስ ሳያገኝ ባይቀር ኖሮ ይህ ወጪ ባላስፈለገ ነበር ብዬ አምናለሁ። ዋናው ነገር ግን የአንድ ሚሊዮን ዜጎች ነፍስ ሲጠፋ «አንችልም» ያለው ግምጃ ቤት፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ለአንድ ተራራ ዘመቻ ያንኑ ያህል ማውጣቱ ነው።

የረሃቡን እርዳታ ከግምጃ ቤቱ ሆኖ የመራው ባለሥልጣን ቻርለስ ትሬቨልያን ነበር። ይህ ሰው ወደ አምስተኛው ነጥብ ያሻግረናል፤ ጸሐፊው የሚያደንቁትን የ1854 የሲቪል ሰርቪስ ሪፖርት ከስታፎርድ ኖርዝኮት ጋር የጻፈው እሱ ነውና። ሪፖርቱ ቅጥር በፈተና ይሁን ማለቱ ትክክል ነው፤ ከዚያ በፊት የመንግሥት ሥራ የጌቶች ዘመዶችና የምርጫ ውለታ መክፈያ እንደነበረም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ግልጽ ውድድር በአብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች የታዘዘው ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1870 ሲሆን፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከትእዛዙ ውጭ ቀረ። ለከፍተኛው እርከን የሚሰጠው ፈተናም በግሪክኛ፣ በላቲንና በሒሳብ ያመዘነ ስለነበረ በኢተንና በኦክስፎርድ ላለፈ ወጣት የተሰፋ ልብስ ነበር። ይህን የምለው በግምት አይደለም። የማሻሻያው ደጋፊ ግላድስቶን በጃንዋሪ 1854 ለሎርድ ጆን ረስል በጻፉት ደብዳቤ፣ በዓይናቸው ከለውጡ ትልልቅ ጥቅሞች አንዱ በከፍተኛ መደቦችና በአስተዳደር ሥልጣን መካከል ያለውን ትስስር ማጠንከሩና ማብዛቱ መሆኑን ገልጸዋል። ዘመዱን በደብዳቤ ያስገባ የነበረ መደብ ልጁን በፈተና ማስገባት ጀመረ፤ የደሃውን ልጅ የሚያስተምር የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእንግሊዝ በሕግ የተመሠረተው ገና በዚያው በ1870 ነው።

የመጨረሻው አባባል፣ ሠራተኛው ረክቶ ዝም አለ የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ አሳዝኖኛል። ከ1832 የተገለሉት ሰዎች በ1838 የሕዝብ ቻርተር ብለው ስድስት ጥያቄዎችን አቀረቡ፦ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሁሉ ይምረጥ፣ ድምፅ በምስጢር ይሁን፣ ለእንደራሴነት ንብረት አይጠየቅ፣ እንደራሴዎች ደመወዝ ይከፈላቸው፣ የምርጫ ክልሎች በሕዝብ ብዛት እኩል ይሁኑ፣ ፓርላማም በየዓመቱ ይመረጥ። ሰነዱን በዋናነት ያረቀቀው አናጺው ዊሊያም ላቬት ነው። በ1839 ወደ 1.3 ሚሊዮን፣ በ1842 ከ3 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ለፓርላማው ቀረበ፤ ሁለተኛውን ምክር ቤቱ በ287 ለ49 ድምፅ ሊመረምረው እንኳ ሳይፈቅድ መለሰው። የመራጩ ቁጥር አንድ ሚሊዮን በማይሞላበት አገር ሦስት ሚሊዮን ሰው ሲፈርም ዝም አለ ማለት አይቻልም። በኖቬምበር 1839 በዌልስ ኒውፖርት ከተማ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችና የብረት ሠራተኞች የታሰሩ ጓደኞቻቸውን ለማስፈታት ሲመጡ ወታደሮች ተኩሰው ከ20 በላይ ገደሉ። በኤፕሪል 10 ቀን 1848 ቻርቲስቶች የሚባሉት የቻርተሩ ደጋፊዎች በለንደን ኬኒንግተን ሜዳ ሲሰበሰቡ ከተማዋን ለመጠበቅ የተጠሩት እኒያው የዌሊንግተን ዱክ ናቸው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ባለሀብቶችና ጸሐፊዎች ዱላ ይዘው ልዩ ፖሊስ ሆነው ተመዘገቡ።

በዚያ ዓመት ከተያዙት የለንደን ቻርቲስቶች መሪዎች አንዱ ዊሊያም ከፌይ የሚባል ጥቁር ልብስ ሰፊ ነው። አባቱ በሴንት ኪትስ ደሴት ባሪያ ሆኖ ተወለደ። ልጁ በብሪታንያ ምድር እንደ ማንኛውም ሰው ልምረጥ ብሎ ስለታገለ በ60 ዓመቱ ወደ ታዝማኒያ ተጋዘ፤ በኋላ ምሕረት ቢደረግለትም ሳይመለስ እዚያው በድህነት ሞተ። ጸሐፊው በድጋሚ ሲጽፉ የእሱን ስም ከግሬይና ከፒል ስም አጠገብ ቢያኖሩት ደስ ይለኛል።

ከስድስቱ ጥያቄዎች የንብረት መስፈርቱ በ1858 ተሻረ። ምስጢራዊ ድምፅ በ1872 ተፈቀደ። የምርጫ ክልሎችን የማመጣጠን ሥራ ከ1885 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሄደ። የእንደራሴዎች ደመወዝ፣ በዓመት 400 ፓውንድ፣ የመጣው በ1911 ነው፤ ያ ዓመት የሎርዶች ምክር ቤት ከሁለት ዓመት በፊት የአገሪቱን በጀት በመጣሉ በሁለት ተከታታይ ምርጫዎች ተገዶ፣ ሕግ ለዘለቄታው የማገድ ሥልጣኑን የተነጠቀበት ዓመት ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሁሉ የመረጠው በ1918፣ ቻርተሩ ከቀረበ 80 ዓመት በኋላ ሆነ። ፓርላማው በየዓመቱ ይመረጥ የሚለው ስድስተኛው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።